ልጄ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለማንበብ ደርሷል ወይ? እቤት ለሚያስተምሩ ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ልጆቻቸውን እቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዶቹ በልጁ ጤና ምክንያት የጀመሩት ነው። ሌሎቹ ትምህርት በተቋረጠበት ጊዜ ጀምረውት፣ ተስማምቷቸው ቀጠሉበት። ሒሳቡም ሳይንሱም የመማሪያ መጽሐፍ ስላለው መንገዱ አይጠፋቸውም። ልብ ወለድ ላይ ሲደርሱ ግን ግራ ይገባቸዋል። ትምህርት ቤት ቢሆን የአማርኛ መምህሩ ይመርጥ ነበር። አሁን ምርጫው የእናትና የአባት ሆኗል።

አማርኛ ስለማስተምር ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉን ላላነበባችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ሳልናገር ጥያቄዎቹን መመለስ አልችልም።

ስንት መጽሐፍ እያለ ለምን እሱ?

አገራችን ስለሆነ። ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ አዲስ አበባ የሄደ የባሕር ዳር ልጅ ሁሉ ማንኩሳን አልፏታል። የታሪኩ ዋና ሰው በዛብህ ለትምህርት የሚሄድባት ዲማም ምሥራቅ ጎጃም ያለች፣ ዛሬም በትምህርቷ የምትታወቅ ደብር ናት። ደራሲው ራሳቸው በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን እዚሁ ጎጃም ነው የተማሩት። ስለ ቆሎ ተማሪ ሲጽፉ በወሬ የሰሙትን አይደለም።

መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ዓመት ልጁ እንዲይዘው እፈልጋለሁ። መሬትን ከባላባቱ እጅ ያወጣው የመሬት አዋጅ የወጣው በ1967 ነው። ደራሲው ባላባቱንና ግብሩን እንዲህ አድርገው የተቹት ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እሳቸውም በመንግሥት ከፍተኛ ሥራ ላይ የቆዩ ሰው ሆነው ነው። ይህን ያወቀ ልጅ መጽሐፉን በሌላ ዓይን ነው የሚያነበው።

ከስንት ዓመት ጀምሮ ነው የሚነበበው?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለብቻ ለማንበብ ከ15 ወይም ከ16 ዓመት ጀምሮ ጥሩ ነው። የ13 እና የ14 ዓመት ልጅም ሊያነበው ይችላል፤ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ካነበበ።

ዕድሜው ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ አንብቦ የጨረሰ ይሆናል፤ አንድ የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ገልጦ አያውቅም። መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ማንበብ ያልለመደ ልጅ ላይ ይህን መጣል መጽሐፍን እስከ ወዲያኛው ማስጠላት ነው። አጫጭር ልብ ወለዶችን ያስቀድም።

ሌላው የማየው ነገር ልጁ ያለበት ሁኔታ ነው። በቅርቡ ሰው የሞተበት፣ ቤተሰቡ የተበተነበት ወይም ልቡ የተሰበረ ልጅ ከሆነ መጽሐፉ ይቆይለት። መጨረሻው ከባድ ነው። በዛብህ ወደሚወዳት ወደ ሰብለ ወንጌል ሲመለስ መንገድ ላይ ሽፍቶች ይጥሉታል፤ ይሞታል። እሷም ትመነኩሳለች። በመጨረሻ በአንድ መቃብር ነው የሚያርፉት። ደህና ልብ ያለው ልጅ አልቅሶበት ይነሳል። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ ግን «መፍትሔው ይሄ ነው» ብሎ እንዳይወስደው እፈራለሁ። ይህ ስጋቴ የምር ነው፤ ከፍቅሩም ከጭካኔውም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ይቆይ ማለት ይከልከል ማለት አይደለም። ከዓመት በኋላ ይደርሳል።

ልጅ ሊያየው የማይገባ ነገር አለበት?

አብዛኞቹ ወላጆች እንዲህ ሲጠይቁ በልባቸው ያለው የአልጋ ነገር ነው። እሱን በአጭሩ ልመልስ፦ የሐዲስ አለማየሁ ብዕር ጨዋ ነው። ናፍቆቱን፣ ፍርሃቱን፣ መሳሳሙን ታገኛላችሁ፤ ልጃችሁ በስልኩ ከሚያየው ተከታታይ ፊልም ጋር ግን አይወዳደርም።

ጭካኔ አለ። የሰብለ አባት፣ ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ገበሬውን ያስጨንቁታል፤ ገበሬውም አልገብርም ብሎ ይነሳባቸዋል። ድብድብ አለ፣ ሞት አለ፣ ሰውን በዘሩ መናቅ አለ። የዚያን ጊዜ አማርኛ የሚያነብ ልጅ ዛሬ የማንጠቀምባቸውን የንቀት ቃላትም ያገኛል።

እዚህ ላይ ዘጌን እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ግድግዳው ላይ በላዔ ሰብ ተሥሏል፤ 78 ሰው የበላው ሰው። አንገታቸው የተቀላ፣ በእሳት የተፈተኑ ሰማዕታት ተሥለዋል። የጣና ዳር ልጅ ይህን እያየ ነው ያደገው። ማናችንም የልጁን ዓይን በእጃችን አልሸፈንንም። ለምን? ሥዕሉ ፊት የሚቆም ሰው ስላለ ነው። አባ መቋሚያቸውን ወደ ሥዕሉ እየጠቆሙ «ይሄ እንዲህ ሆነ፤ ከዚያ በጥርኝ ውኃ ተማረ» ይሉታል። ልጁ የሚይዘው ሰው መብላቱን ብቻ ሳይሆን ምሕረቱንም ነው።

መጽሐፍም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። እኔ «ውስጡ ምን አለ?» ለሚል ወላጅ መልሼ የምጠይቀው «ሲያነበው ማን አለው?» ብዬ ነው። የሚያናግረው ሰው ካለው ብዙ ከባድ ነገር ይሸከማል። ከሌለው ቀላል የሚመስለውም ሊያስተው ይችላል።

አስተማሪና ተማሪ ይዋደዱበታል። እቤት አስጠኚ ለሚመጣላት ልጄ ይህን እንዴት ልስጣት?

ይህን የጠየቀችኝ እናት መጽሐፉን በደንብ ያነበበች ሴት ናት። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም።

ሰብለ ወንጌል እቤቷ የምትማር ልጅ ናት። በዛብህ ፊታውራሪ ቤት የሚገባው ሊያስተምራት ነው። ፍቅሩ የሚበቅለው ከፊደሉ ጋር ነው፣ በዝግታ። እቤት ለምትማር ልጅ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ራሷን ልታይበት ትችላለች።

መጽሐፉን ከመደበቅ ይልቅ ሁለት ነገር ንገሯት። አንደኛ፣ ሰብለ ሕፃን አይደለችም። ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የቆየች፣ አባቷ «ለዘሬ የሚመጥን» እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱባት ጊዜዋ ያለፈባት ትልቅ ሴት ናት። ሁለተኛ፣ በዚያ ቤት ኃይሉ ያለው በተማሪዋ በኩል ነው። በዛብህ የድሃ ልጅ ነው፤ አንገቱን ሊያስቀላው የሚችል ጌታ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ የ15 ዓመት ልጅ ፊት የተቀመጠ አስጠኚ ግን በተቃራኒው ነው። ትልቁ እሱ ነው፣ የሚታመነውም እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ አስተማሪ ለልጅ ደብዳቤ ቢጽፍ፣ በቴሌግራም ማታ ማታ ቢያወራት፣ «ለማንም አትንገሪ» ቢላት ፍቅር አይባልም። ልጅቷ ይህን ከእናቷ አፍ መስማት አለባት። ወንድ ልጅም እንደዚሁ።

እንዲያውም ይህን ወሬ ለመጀመር ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም። ልጅን በድንገት አስቀምጦ «አስጠኚሽ አስቸግሮሽ ያውቃል?» ማለት ያስደነግጣል። «ሰብለ ለእናቷ ብትነግራት ምን ይሆን ነበር?» ማለት ግን ይቀላል። ከዚያ ወሬው ራሱ ይመራችኋል።

ሌላም ልጨምር። አስጠኚ ሲመጣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ትምህርቱ ሳሎን ይሁን። ይህ ከመጽሐፉ ጋር ባይገናኝም ሳልለው አላልፍም።

መጽሐፉ ሃይማኖትን ይነካል ይላሉ። እውነት ነው?

ጉዱ ካሳን አስበው ነው እንዲህ የሚሉት። ካሳ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው፤ ሰው የማይደፍረውን ስለሚናገር «ጉዱ» አሉት። ልማዱን ይተቻል፣ መኳንንቱን ይተቻል፣ ከካህናቱም የማይረባ ያየውን አያልፍም። እምነትን ግን መጽሐፉ አይንቅም። የዲማን ትምህርት፣ የቅኔውን ቤት፣ በደበሎና በአኩፋዳ የሚንከራተተውን ተማሪ እንዲህ በፍቅር የጻፈ ሌላ ልብ ወለድ አላውቅም።

የበለጠ የሚያነጋግረው የስለቱ ነገር ነው። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር ይሳላሉ፤ ስለቱ ደግሞ ልጁ እንዳያገባ ያስረዋል። እዚህ ስለት የማያውቅ ቤት የለም። «እናትና አባት የተሳሉትን ልጅ ይከፍላል ወይ?» ብላችሁ እራት ላይ ብታነሱ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ይከፈል። የንስሐ አባታችሁ ቡና ሲመጡ ልጁ ራሱ ይጠይቃቸው። ጥያቄውን የሚመልስ ሰው እያለ ጥያቄውን መፍራት አያስፈልግም።

ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ከሆናችሁም መጽሐፉ ለእናንተም ነው። የቤተ ክህነቱን ቃላት የሚያስረዳ ጎረቤት ባሕር ዳር ውስጥ አይጠፋም። ልጆቻችሁ የጎረቤታቸውን ዓለም ከውስጥ ያዩበታል።

500 ገጽ አስቀድሜ ለማንበብ ጊዜ የለኝም። ምን ላድርግ?

አብራችሁ አንብቡ። ልጁ ከእናንተ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይቅደም ወይም እናንተ ቅደሙት።

እሱም ካልሆነ ሦስት ቦታ አንብቡ፦ መጀመሪያውን፣ በዛብህ ፊታውራሪ ቤት ማስተማር ከጀመረበት ያለውን፣ መጨረሻውን። በዚህ ስለ መጽሐፉ መፍረድ ባይቻልም ከልጃችሁ ጋር ለማውራት ይበቃል። የማልመክረው ሰው በፌስቡክ የጻፈውን አይቶ መወሰን ነው። አንዱ «የግድ ይነበብ» ይላል፣ ሌላው «ልጅ ያበላሻል» ይላል፤ ሁለቱም የእናንተን ልጅ አያውቁትም።

እኔ ማንበብ አልችልም። ልጄን የማሳድገው ግን እኔ ነኝ።

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላችሁ። ማታ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ጥቂት ገጽ።

ይህን የማለው ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ጉልት ምን እንደሆነ፣ ጭሰኛ ማን እንደነበረ፣ ግብር ሲጣል ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት ከገጠር የመጡ አያቶች ናቸው። የ1967ቱን አዋጅ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ልጁ ያነባል፣ አያቱ ያቆሙታል፣ «ኧረ እኛ አገር እንዲህ አልነበረም» ይሉታል። ከዚያ የሚቀጥለው ወሬ የታሪክ ትምህርት ነው፤ ደብተር ይዞ ሊጽፈው የሚገባ።

ልጁ ሲያነብላችሁ ፊቱንም ታያላችሁ። የት እንደፈጠነ፣ የት ድምፁ እንደተቀየረ፣ የት መዝለል እንደፈለገ። አፍሮ የዘለለውን ቦታ አትጫኑት። በኋላ ለብቻው ይመለስበታል።

በድምፅ ቢሰማውስ? እንደ ማንበብ ይቆጠራል?

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረኩት አለ። የእናንተ ትውልድ መጽሐፉን ያወቀው በእሳቸው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ኢንተርኔት ላይም ይገኛል። ድንቅ ነው፣ አስሙት። የማንበቢያ ትምህርቱን ግን አይተካም። አንድ ክፍል ሰምቶ ያንኑ ክፍል ከመጽሐፉ ቢያነብ አማርኛው ይቀለዋል፤ በተለይ ቅኔው ያለበት ቦታ።

አማርኛው ይከብዳታል። ትርጉሙን እያቆምኩ ልንገራት?

በየመስመሩ አታቁሟት። የማታውቀውን ቃል ታስምርበት፣ ምዕራፉ ሲያልቅ ጠይቃችሁ ተነጋገሩ። ግማሹን ከታሪኩ ራሷ ትደርስበታለች።

ሌላ ቀለል ያለ አንጋፋ ልብ ወለድ የለም?

ብዙ ሰው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ጦቢያ» ያነሳል። ደራሲው ዘጌ የተወለዱ ናቸው፤ መጽሐፉም በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይታወቃል። ከዘጌ ልጆች አንዱ ይህን መጻፉን የባሕር ዳር ልጅ ሳያውቅ ሊያድግ አይገባም።

አጭር ነው። ቀላል ግን አይደለም። አማርኛው የጥንት ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው። ይዘቱ ላይ ልብ የምትሉት ሁለት ነገር አለ። ሰው የሚሸጥበትና የሚማረክበት ታሪክ ነው። ደግሞም ክርስቲያኑን መልካም፣ ሌላውን «አረመኔ» እያለ ነው የሚሄደው፤ መጨረሻው ላይ ሁሉም በክርስትና ይስማማል። ከልጃችሁ ጋር «ታሪኩን ያኛው ወገን ቢጽፈው ምን ይል ነበር?» ብላችሁ ተነጋገሩ። በወንድ ልብስ ተሸሽጋ አባቷን ይዛ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣውን ጦቢያን ግን ሴት ልጆች ይወዷታል።

«ኦሮማይ»ን የሚጠይቁኝም አሉ። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲውም ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ የደረሱበት ጠፍቶ የቀረ ነው። ጦርነት፣ መጠጥ፣ ፍቅር፣ ፖለቲካ ሁሉ አለበት። ለ17 እና 18 ዓመት ልጅ እሰጣለሁ። ከዚያ በታች አልሰጥም። የጦርነት ድምፅ በቅርብ የሰማ ልጅ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ስጡት።

የ«ጦቢያ» ደራሲ ከጣልያን ጋር አብረዋል ይባላል። የባንዳ መጽሐፍ ለልጄ ላስነብብ?

እውነት ነው፤ በወረራው ጊዜ ከጣልያን ጎን ቆመዋል። ከነጻነት በኋላም ጅማ ተግዘው እዚያው ነው ያረፉት። ሐዲስ አለማየሁ በዚያው ዘመን ከአርበኞች ጋር ተዋግተው፣ ተማርከው፣ ጣልያን አገር ታስረዋል።

እኔ ሁለቱንም አስነብባለሁ። ማን እንደነበሩ ግን አልደብቅም። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው «ጥሩ የጻፈ ሰው ክፉ ሊመርጥ ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ራሱ መያዝ ይችላል። መልሱን እኛ ብናቀብለው ግን ሁለተኛ አያስብበትም። የልጁ አያት ወይም ቅድመ አያት አርበኛ ከነበሩ፣ ጉዳዩ ቤታችሁ ውስጥ የሚያም ከሆነ፣ አስቀድማችሁ የእሳቸውን ታሪክ ንገሩት። ከዚያ መጽሐፉን ይክፈት።

አንብቦ ሲጨርስ ምን ልጠይቀው?

ፈተና አታድርጉት። «የሰብለ አባት ማን ይባላሉ?» የሚል ጥያቄ ማንበቡን ብቻ ነው የሚያጣራው። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦ በማን ተናደድህ? ማን አሳዘነህ? ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ይወዷታል ወይ? ጉዱ ካሳ ዛሬ ባሕር ዳር ቢኖር ስለ ምን ይናገር ነበር? የመጨረሻዋን አንድ ጊዜ ለአንድ ልጅ ጠየቅኋት፤ ስለ ሠርግ ወጪ ሁለት ገጽ ጽፋ መጣች።

ፊታውራሪውን የሚመለከተው ጥያቄ ለወላጅም ይከብዳል። ይወዷታል። ግን ክብራቸውን አስቀድመው ነው የሚወዷት። ልጃችሁ ይህን ሲናገር ወደ እናንተ አይቶ ከሆነ ዝም ብላችሁ ስሙት።

ብከለክለው ደብቆ ያነበዋል?

ያነበዋል። መጽሐፍ አዟሪው ጋ አለ፣ ጓደኛው ጋ አለ፣ ስልኩ ላይ አለ። ደብቆ ያነበበውን ደግሞ መጥቶ አይጠይቃችሁም። «አሁን አይሆንም፣ ክረምት ላይ አብረን እናነበዋለን» ማለት ከ«አይነበብም» ይሻላል። ቀጠሮውን ግን አክብሩ።

መሃል ላይ ቢያቋርጠውስ?

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። ሰልችቶት ከሆነ ያስቀምጠው፤ መጽሐፉ የትም አይሄድም። ከብዶት ከሆነ አንድ ምዕራፍ እናንተ አንብቡለትና ቀጥሉ። አንድ ነገር ረብሾት ከሆነ ግን የት ገጽ ላይ እንደሆነ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፣ ያንን ገጽ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ያን ቀን ሌላ ትምህርት ባይኖርም ምንም አይደለም።